የድሮ የአሜሪካ መኪኖችን የሸጠው ሞተራቸው ነው ወይስ መልካቸው?

ክንፋም፦
ሰላም የመድረኩ ቤተሰቦች። «መልክ ምን ያደርጋል፤ ዋናው ሞተሩ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ደጋግሞ ይነሳል። እኔ የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን የአሜሪካ መኪኖች ታሪክ ስከታተል የማየው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ገበያውን የሚመራው መልክ ነበር። መልኩ ያላማረ መኪና ሞተሩ ምንም ያህል ቢጎለብት ገዢ አጥቶ ይቀራል። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንድ መኪና ልውሰድ፤ ዶጅ ቻርጀር። በ1966 ሲወጣ ጣሪያው ሳይሰበር እስከ ጅራቱ ድረስ ይንሸራተት ነበር። በዚያ ዓመት 37 ሺህ ገደማ ተሠራ። በ1967 ወደ 16 ሺህ ግድም አሽቆለቆለ። በ1968 አዲስ አካል ለብሶ መጣና 96 ሺህ ገባ። ከ16 ወደ 96! ከስሩ ያለው መሠረት ያው የዶጅ እናት ኩባንያ የክራይስለር «ቢ ቦዲ» ነው። ስመ ጥሩው 426 ሄሚ ሞተር በ1966ም ነበረ፤ 440 የሚባለው ትልቅ ሞተርም በ1967 ገብቷል። በዋናነት የተለወጠው ላሜራው ነው።

የ68ቱን ፎቶ ከጎን እዩት። ወገቡ በሩ ላይ ገባ ይልና የኋላ ጎማው ላይ እንደገና ያብጣል። የኋላው መስታወት በሁለት ዘንበል ያሉ ምሰሶዎች መካከል ወደ ውስጥ ገብቷል። ከፊት ስታዩት መብራት የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ግሪል (የፊት ፍርግርግ) ብቻ ነው፤ መብራቶቹ ከኋላው ተደብቀዋል። የነዳጅ ክዳኑ ሳይቀር እንደ ውድድር መኪና በግራ በኩል ከላይ ጉብ ብሏል። የቅርጹ ዋና ባለቤት ሪቻርድ ሳያስ የሚባል ዲዛይነር ነው። ይሄ ሰው በሸክላ ጭቃ ላይ የሠራው ሥራ ነው ሽያጩን ስድስት እጥፍ ያደረሰው ብል አጋነንክ ትሉኛላችሁ? በሉ እንከራከር።

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ ክንፋም፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። የ68ቱ ቻርጀር ውብ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ጊዜውንም አትርሳ። በ1968 የአሜሪካ ወጣት ገንዘብ ነበረው፤ ጉልበተኛ መኪናም ያብድለት ነበር። የዚያኑ ዓመት ሌሎቹም በደንብ ሸጠዋል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መኪና ስር ተኝቼ ነው። መልክ ገዢውን ወደ በሩ ያመጣዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚመጣው ግን መኪናው ካላስቸገረው ነው። የ1957ቱን የክራይስለር ፕሊመዝ ውሰድ። የክራይስለሩ ዲዛይነር ቨርጂል ኤክስነር ያወጣው ቅርጽ ነው። ዝቅ ያለ፣ መስታወቱ የሰፋ፣ ክንፉ ከኋላ ሽቅብ የወጣ። ማስታወቂያው «ድንገት 1960 ሆነ» ነበር የሚለው፤ እውነትም ከሌሎቹ በሦስት ዓመት የቀደመ ይመስል ነበር። ፕሊመዝ በዚያ ዓመት ከ700 ሺህ በላይ ሠርቶ ያጣውን የሦስተኝነት ቦታ አስመለሰ።

ከዚያስ? ሥራው ተጣድፎ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ያስገባል። የፊት መብራቱ ዙሪያ ጭቃ ያቁርና ላሜራውን ዝገት ይበላዋል። የወንበሩ ጨርቅ ይቀደዳል። የፊቱ ቶርሽን ባር (እንደ ሞላ የሚያገለግለው ዘንግ) የሚሰበርበትም ነበር። በ1958 ምርቱ ወደ 440 ሺህ ገደማ ወረደ። የ58ቱ የኢኮኖሚ ድቀት አለበት፤ ልክ ነው። ግን የክራይስለር ስም የተበላሸው ያኔ ነው፤ ዓመታት ፈጅቶበታል።

ክንፋም፦
ጋሼ፣ የሚሉት ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ግን የእርስዎኑ መንገድ ገልብጬ ልጠይቅዎት። መኪናው ጎበዝ ሆኖ መልኩ ቢያረጅስ?

ሀድሰን እንዲህ ነው የሞተው። በ1948 ያወጡት መኪና ወለሉ በሻንሲው ብረቶች መካከል ዝቅ ብሎ የገባ ነበር፤ ተሳፋሪው ወደ ውስጥ ወረድ ብሎ ነው የሚገባው። ክብደቱ መሬት ላይ ስለተኛ ጥምዝ ላይ የሚያክለው አልነበረም። ሀድሰን ሆርኔት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የናስካር ውድድርን እንደ ግል ንብረቱ ይዞት ነበር። ያውም ስምንት ሲሊንደር ያላቸውን በስድስት እየቀደመ።

ችግሩ አካሉና ሻንሲው አንድ ላይ የተበየዱ መሆናቸው ነው። ቅርጹን ለመለወጥ ሁሉን ነገር መለወጥ ያስፈልጋል፤ የብረት መጭመቂያ ቅርጾቹ ዋጋ ደግሞ ለትንሽ ኩባንያ የሚቻል አልነበረም። እናም የ1953ቱ ሀድሰን የ1948ቱን መስሎ ቀረ። ፎርድና ሼቭሮሌ በየዓመቱ ልብስ ሲቀይሩ እሱ በአንድ ልብስ ከረመ። በ1950 ከ120 ሺህ በላይ የሠራ ኩባንያ በ1953 ወደ 66 ሺህ ወረደ፤ በ1954 ናሽ ከሚባል ሌላ መኪና አምራች ጋር ተዋሕዶ አሜሪካን ሞተርስ ሆነ። ውድድሩን እያሸነፈ ነው ገበያው የሸሸው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

የድሮ መካኒክ፦
የሀድሰኑ ከባድ ማስረጃ ነው። ግን እሱንም ቢሆን የገደለው የገንዘብ አቅም ማነስ ነው ብዬ እከራከርሃለሁ። ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ፣ የሼቭሮሌና የካዲላክ ባለቤት) ቢሆን ኖሮ በሦስተኛው ዓመት አዲስ አካል ይሠራለት ነበር።

ሐምራዊ፦
ሰላም። ክርክሩን ከክንፍና ከግሪል ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። የመጀመሪያው የመልክ ጦርነት በቀለም ነው የተካሄደው፤ ይሄ ሲዘለል ያናድደኛል።

ፎርድ ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ለብዙ ዓመታት የሚሸጠው በጥቁር ብቻ ነበር። በዚያ ዘመን መኪና ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበርና የደማቅ ቀለም ወጪ አይቀመስም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ዱኮ የተባለውን ላከር ቀለም አወጣ። በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ በፈለጉት ቀለምም ይመጣል። ጂኤም ወዲያው ኦክላንድ በሚባለው መኪናው ላይ ሰማያዊ አድርጎ ለ1924 አወጣው። ገዢው ምርጫ አየ። ሄንሪ ፎርድ በአንድ ዓይነት መኪናና በርካሽ ዋጋ ሲጸና፣ የጂኤሙ አልፍሬድ ስሎን በየዓመቱ አዲስ መልክ ማቅረብን ያዘ። በ1927 ፎርድ ሞዴል ቲን አቁሞ ለሞዴል ኤ ፋብሪካውን ሲያዘጋጅ ሼቭሮሌ በሽያጭ ቀደመው።

በዚያው ዓመት ስሎን ሃርሊ ኧርልን ከካሊፎርኒያ አምጥቶ ለቅርጽና ለቀለም ብቻ የቆመ ክፍል አቋቋመ። ኧርል በሆሊውድ ለፊልም ተዋንያን መኪና ሲያስውብ የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የመኪናውን መልክ የሚወስነው ባብዛኛው ኢንጂነሩ ነበር። ለሠላሳ ዓመት ያህል የጂኤምን መልክ የወሰነው እሱ ነው። የ1948ቱ ካዲላክ ላይ የወጣችው ትንሽ ክንፍ ሐሳቧ የመጣው ከፒ 38 የጦር አውሮፕላን ጅራት ነው። እስከ 1959 ድረስ እያደገች ሄደች፤ ያኔ የሚያህላት አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገር። መልክ ሲባል ገዢውን መናቅ የሚመስላቸው ኩባንያዎችም ነበሩ። ዶጅ በ1955 «ላ ፋም» የሚል መኪና ለሴቶች ብሎ አወጣ። ከስተም ሮያል ላንሰር በሚባለው ዶጅ ዋጋ ላይ 143 ዶላር ጨምረሽ የምትገዢው ነው። ውጪው ሮዝና ነጭ። ከወንበሩ ኋላ በተሠራ ኪስ ውስጥ ሮዝ ቦርሳ አለ፤ ቦርሳው ውስጥ የሊፒስቲክ መያዣ፣ ማበጠሪያ፣ የሲጋራ መያዣና ላይተር። ከወንበሩ ጨርቅ ጋር የሚገጥም የዝናብ ካፖርት፣ ባርኔጣና ጃንጥላም አለው። ሞተሩ ላይ፣ አነዳዱ ላይ፣ እይታው ላይ ለሴት ተብሎ የተለወጠ ነገር ግን የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ2,500 በታች ነው የተሸጠው ይባላል። አይገርመኝም። የዚያን ዘመን ሴቶች መኪና መምረጥ ያውቁ ነበር፤ ባሎቻቸውም የሚያማክሩት እነሱን ነበር። ጃንጥላ ይዞ መጥቶ መኪና የሚሸጥላቸው አልፈለጉም።

ሾፌር ነኝ፦
ሐምራዊ፣ የላ ፋሙን ዛሬ ገና ሰማሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እኔ የምጠይቀው ስለ ፎርዱ ኤድሰል ነው። ሁሉም ሰው «ግሪሉ አስቀያሚ ስለሆነ ወደቀ» ይላል። እውነት ነው?

ክንፋም፦
ሾፌር ነኝ፣ ይሄ ከሚነገረው በላይ ሰፊ ነው። ኤድሰል መስከረም 4 ቀን 1957 ነው ለገበያ የቀረበው። ለወራት «የሆነ ነገር ይመጣል» ተብሎ ሕዝቡ ሲጠብቅ ከርሟል። በመጀመሪያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ 63 ሺህ ገደማ ተሸጠ፤ የተጠበቀው ከዚያ እጅግ ይበልጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወደ 45 ሺህ ግድም ወረደ። በ1960 ሦስት ሺህም ሳይሞላ ተዘጋ። ፎርድ 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደከሰረ ነው የሚነገረው።

ግሪሉ እውነትም ሰው አሳቀ። ግን ዲዛይነሩ ሮይ ብራውን መጀመሪያ የሣለው ያንን አልነበረም። መሐል ላይ ቀጭንና ረጅም ክፍተት ነበር ያሰበው፤ ሁሉም መኪና ጥርሱን ወደ ጎን ሲያሳይ የእሱ ወደ ታች ወርዶ ከሩቅ እንዲለይ። ኢንጂነሮቹ ለራዲያተር አየር አይበቃም አሉ። ክፍተቱ ሰፋ፤ ሰፋ፤ የፈረስ አንገት ቀንበር መሰለ። ሐሳቡና የተሠራው ለየቅል ሆኑ።

የቀረው የመልክ ጉዳይ አይደለም። ዋጋው ከፎርድና ከመርኩሪ ጋር ይጋጫል፤ ገዢው ለማን እንደተሠራ አልገባውም። ድቀቱ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን መኪኖች ሁሉ መታ። ማርሽ የሚቀየረው መሪው መሐል ባሉ ቁልፎች ነበር፤ ጥሩንባ በሚጠበቅበት ቦታ ማለት ነው፤ እሱም ይበላሽ ነበር። ከፋብሪካ ዕቃ ጎድሏቸው የወጡም ነበሩ። ስለዚህ ሁሉን ግሪሉ ላይ መጫን ለብራውን አይገባውም። ሰውየው ከዚያ ወደ እንግሊዝ ፎርድ ተላከና የመጀመሪያውን ኮርቲና ቀረጸ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መኪና። ይሄንን ሁልጊዜ ደስ እያለኝ ነው የምናገረው።

የሚሺጋኑ፦
ሰላም ወገኖች። እኔ የምኖረው ሚሺጋን ነው፤ ዲርቦርን ያለው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቅርቤ ነው። እዚያ የቁጥር አንዷ ማስታንግ ቆማለች፤ የመጀመሪያዋ ተከታታይ ቁጥር ያላት ነጭ ከፋች ጣሪያ። ስላየኋት የክንፋምን ሐሳብ የሚደግፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ላምጣ።

ሁለት መኪኖች በሁለት ሳምንት ልዩነት ወጡ። ፕሊመዝ ባራኩዳ ሚያዝያ 1 ቀን 1964፣ ፎርድ ማስታንግ ሚያዝያ 17። ሁለቱም ርካሽ የቤተሰብ መኪና ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ባራኩዳ ከቫሊያንት፣ ማስታንግ ከፋልከን። ሁለቱም ለወጣት ናቸው፤ ዋጋቸውም ይቀራረባል። በርዕሰ ሐሳብ ደረጃ ባራኩዳ ቀድሟል።

አሁን መልኩን እዩ። ባራኩዳ ከፊት ስታዩት ቫሊያንት ነው። ኮፈኑ፣ መብራቱ፣ በሩ ያው ነው። ከኋላ ግን ትልቅ የተጠማዘዘ መስታወት አለው፤ በዚያ ዘመን በመደበኛ መኪና ላይ ከተገጠሙት ሁሉ የሚበልጥ። የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን ገዢው ከፊቱ ሲመጣ የሚያየው የአክስቱን መኪና ነው።

ማስታንግ ደግሞ ከፋልከን ምንም እንዳይታይበት ተደርጎ ነው የተሰፋው። ኮፈኑ ረዘመ፣ ጅራቱ አጠረ፣ የተሳፋሪው ክፍል ወደ ኋላ ተገፋ። ከስር ያለው የእናቶች መኪና ነው፤ ከላይ ግን ውድ የስፖርት መኪና ይመስላል። ሙዚየሙ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ጎኗን አየሁት። ከፊት ጎማ የሚነሳ ስርጉድ መስመር በበሩ አልፎ ከኋላው ጎማ በፊት የአየር ማስገቢያ በሚመስል ጌጥ ያበቃል። አየር አያስገባም። ለዓይን ብቻ ነው የተሠራው፤ ግን እሱን ብታነሱት መኪናዋ ትደርቃለች።

ውጤቱ? መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። በመጀመሪያው ቀን 22 ሺህ ትዕዛዝ፣ በ12 ወር ከ418 ሺህ በላይ ተሸጠ። ባራኩዳ በ1964 ሞዴል 23 ሺህ ገደማ። ፎርድ በማስታወቂያም በሻጭ ብዛትም ይበልጣል፤ እሱን ጨምሩበት። ግን ይሄን ያህል ገደል በማስታወቂያ ብቻ አይቆፈርም።

የድሮ መካኒክ፦
የሚሺጋኑ፣ ተባረክ። እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ ማለት ይቻላል። ከማስታንግ ስር ገብቼ አውቃለሁ፤ ፋልከን ነው። ባሌስትራው ሳይቀር።

መልክ ሲያጠፋ ምን እንደሚያደርግም አንድ ልጨምር። የ1962ቱን ፕሊመዝና ዶጅ። የክራይስለር አለቆች «ሼቭሮሌ ትልልቁን መኪና ሊያሳጥር ነው» የሚል ወሬ ሰሙ። በወሬ ተነስተው የራሳቸውን ትልልቅ መኪኖች በጥድፊያ አሳጠሩ። ለትልቅ ሻንሲ የተሣለ ቅርጽ በግድ ወደ ትንሽ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ግንባሩ ተጨማደደ፣ ጎኑ ጎበጠ። ወሬው ደግሞ ስለ ሌላ መኪና ነበር፤ ሼቭሮሌ ትልቁን ኢምፓላ እንደነበረ ይዞ መጣ። ሽያጩ ወደቀ። ኤክስነር ማሳጠሩን ተቃውሞ ነበር፤ ሆኖም ቦታውን ያጣው እሱ ነው። በእሱ ቦታ ኤልዉድ ኤንግል ከፎርድ ተወሰደ። የሚያሳዝነኝ ምንድን ነው፤ እነዚያ መኪኖች ቀላል ስለነበሩ ፈጣን ነበሩ። ሜካኒካቸውም ጥሩ ነው። ያየ ግን አልገዛም።

ቮልስ ወዳድ፦
እንግዲህ ሁላችሁም «መልክ በየዓመቱ ይለወጥ» ያላችሁ ይመስላል። ታዲያ ቮልስስ? እኛ አገር ቮልስ የማያውቅ የለም። አሜሪካም በዚያው ቅርጹ ነው የገባው። ዲትሮይት በየዓመቱ ክሮም ሲለጥፍና ሲነቅል ቮልስ ክብ ሆኖ ቆየ። የአሜሪካ ማስታወቂያውም በዚሁ ነበር የሚኮራው፤ የዘንድሮውን ከአምናው መለየት እንደማይቻል በኩራት ይናገር ነበር። በ1968 አሜሪካ ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ ቢትል (ይሄው ክቡ ቮልስ) ተሽጧል። ከቻርጀሩ አራት እጥፍ!

ክንፋም፦
ቮልስ ወዳድ፣ ይሄ ከእኔ ሐሳብ ጋር አይጋጭም። አለመለወጥም የመልክ ውሳኔ ነው። ቮልስን የገዛው አሜሪካዊ በክንፍና በክሮም የሰለቸው ሰው ነው። ከብዙ ረዣዥም መኪኖች መሐል ያቺ ክብ ነገር ወዲያው ትታያለች።

ከአሜሪካኖቹም ይሄን የሞከረ አለ፤ የ1961 ሊንከን ኮንቲኔንታል። የ1958 እስከ 60ዎቹ ሊንከኖች ግዙፍ ነበሩ፤ በጣም ግዙፍ። ኪሳራም አስከትለዋል። ጋሼ የጠቀሱት ኤልዉድ ኤንግል ገና ፎርድ እያለ ተንደርበርድ ለሚባለው የፎርድ መኪና ብሎ የሣለውን ቅርጽ የፎርዱ ኃላፊ ሮበርት ማክናማራ አየና አራት በር አድርጋችሁ ለሊንከን አውሉት አለ። ጎኑ ልሙጥ፣ ከላይ ጠርዙ ላይ አንድ ቀጭን የክሮም መስመር፣ የኋላ በሮቹ ወደ ኋላ የሚከፈቱ። ክንፍ የለም። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሺህ ግድም ነው የተሸጠው፤ ከቀደመው ብዙም አይበልጥም። ግን ቅርጹን በየዓመቱ አልነካኩትም፤ ትንሽ ትንሽ ብቻ አሻሻሉት። በ1966 ከ54 ሺህ በላይ ደረሰ።

ሾፌር ነኝ፦
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። የ57ቱ ሼቭሮሌ ቤል ኤርስ? ሰው ሁሉ የ50ዎቹን መኪና ሲሥል እሱን ነው የሚሥለው። የዓመቱ አንደኛ እሱ ነበር አይደል?

የሚሺጋኑ፦
አልነበረም። በ1957 ሞዴል ፎርድ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሠራ፤ ሼቭሮሌ 1.5 ሚሊዮን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፎርዱ አካል በዚያ ዓመት አዲስ ነበር፤ ረዘም ያለና ዝቅ ያለ። የሼቭሮሌው ግን በ1955 የወጣው አካል ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ክንፍ ጨመሩለት፣ ኮፈኑ ላይ ሁለት ጥይት የሚመስል ጌጥ አደረጉለት፣ ቤል ኤሩ ጎን ላይ በብር ቀለም የአሉሚኒየም ሉህ ለጠፉበት፤ ቁመናው ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። የዚያን ጊዜ ገዢ ጎን ለጎን አቁሞ ሲያያቸው አሮጌው የትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር። የ57ቱ ሼቭሮሌ የተወደደው ያገለገለ ዕቃ ሆኖ ነው፤ ዋጋው ረክሶ ወጣቱ እጅ ሲገባ።

ሐምራዊ፦
እና ያ የ55 ሼቭሮሌ ግሪሉ ትንሽና እንደ ፌራሪ የተፈረገረገ ነበር። ኧርል ወዶት ነው። ሻጮቹ ግን «ደንበኛ ይሄ ምንድን ነው እያለን ነው» ብለው አጉረመረሙ፤ በ56 ከዳር እስከ ዳር ሰፋ። እኔ የ55ቱን እመርጣለሁ። የ56ቱን የሚመርጥ ካለ ምክንያቱን ይጻፍልኝ።